ሞተር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የቸርችልን ዳገት አስወጡት

ጋራዤ ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ገባ ብሎ ነው። ሥራዬ ሞተር መጠገን ቢሆንም ከእጄ ይልቅ አፌን የሚያደክመው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ጋሼ፣ ቦክሰር ይሻለኛል አፓቼ?» ሁለቱም የሕንድ ሞተሮች ናቸው፤ ቦክሰር የባጃጅ፣ አፓቼ የቲቪኤስ ኩባንያ። ጠያቂው ገንዘቡን ቋጥሮ፣ ልቡን ደግሞ ቀድሞ ለአንዱ ሰጥቶ ነው የሚመጣው። ከእኔ የሚፈልገው ምርቃት ነው። እኔ ግን መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ ቤትህ የት ነው? ምን ትጭናለህ? ከኋላህ ማን ይቀመጣል? የሽሮ ሜዳ ልጅና የለገሃር ልጅ አንድ ዓይነት ሞተር አያስፈልጋቸውም። ስሙ የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው።

ካታሎጉ ላይ ያለውን የፈረስ ጉልበት እንዳለ አትመኑት። ቁጥሩ የሚወጣው ወደ ባሕር ጠለል ለቀረበ አየር ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ እንጦጦ አናት ላይ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ኢንጂኑ በእያንዳንዱ ስቦሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ከቆላ የመጣ እንግዳ እንጦጦን ሲወጣ እንደሚያለከልከው ሁሉ ኢንጂኑም ያለከልካል። በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል ብላችሁ አስሉ። 12 ፈረስ የተባለው ቦክሰር 150 ፒያሳ ላይ ከዘጠኝ ተኩል እምብዛም አያልፍም። ስምንት ፈረስ ገደማ ያለው መቶ ሲሲ (ሲሲ የኢንጂኑ መጠን መለኪያ ነው) ደግሞ ስድስት ይቀረዋል። ስድስት ፈረስ አንድ ቀጭን ልጅን ከስታዲየም ሜክሲኮ ለማድረስ ይበቃል። ሁለት ሰውና አንድ ትልቅ የምግብ ሣጥን ይዞ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ለመውጣት ግን አይበቃም። ስለዚህ ዳገት ላለበት ሰው ከ125 ሲሲ በታች አልመክርም፤ ሰው ወይም ዕቃ አዘውትሮ ለሚጭን 150 መነሻው ነው።

ስስ አየር ሌላም መዘዝ አለው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ቤንዚኑን የሚለካው በቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ለቆላ አየር ተለክቶ ከመጣ እዚህ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ጭስ ማውጫው ማርሚታ ጥላሸት ይለብሳል፣ ዳገት ላይ ጋዝ ስትጨምሩለት ይታነቃል። ባለቤቱ ደግሞ «ቤንዚን ይበላል» እያለ ሞተሩን ያማዋል። መድኃኒቱ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ባለቀዳዳ ትንሽ የነሐስ ብሎን ጠበብ ባለች መቀየር ነው፤ ዋጋዋ ከባድ አይደለም። ለማረጋገጥ ጥቂት ከነዳችሁ በኋላ ካንዴላውን አስፈቱና ጫፉን ተመልከቱ። ቡናማ ከሆነ ተዉት፤ ጥላሸት ከለበሰ አስተካክሉት። አዋሽ ድረስ ወርዶ የሚሠራ ሰው ግን ይህን ባይነካ ይሻለዋል፤ እዚያ ቤንዚኑ ያንሰውና ኢንጂኑ ከልክ በላይ ይግላል።

በካርቡራተር ፈንታ ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ ኢንጀክሽን ያለው ይህን ሁሉ በራሱ ይጨርሳል፤ የአየሩን ግፊት በሴንሰር እያነበበ ቤንዚኑን ይመጥናል። የጎደለውን ኦክስጅን ግን አይመልስም፤ ይህንን እርግጠኛ ሆነው የሚክዱ ሻጮች አሉ። ሌላው ነገር፣ ፓምፑና ሴንሰሩ ሲበላሹ የሚቀየሩ እንጂ የሚጠገኑ አይደሉም። ካርቡራተርን ማንኛውም የሰፈር ሜካኒክ ፈትቶ አጥቦ ይመልስላችኋል። ከከተማ ለማይወጣና ዕቃው የሚገኝበትን ሱቅ ለሚያውቅ ኢንጀክሽኑን እመርጥለታለሁ። ገጠር ለሚመላለስ ካርቡራተር።

አሁን ወደ ስሞቹ እንምጣ። ቦክሰር 150 በትክክል 144.8 ሲሲ ነው፤ በብዛት የምናየው ባለአራት ማርሽ ነው። የሚጎትትበት አቅሙ ጫፍ የሚደርሰው 5,000 ዙር አካባቢ ስለሆነ ኢንጂኑ ሳይጮህ ዳገቱን ይይዛል። መቀመጫው ረጅም ነው፣ የዕቃ መጫኛው ጠንካራ ነው፣ ክብደቱ 120 ኪሎ ገደማ ነው። መልኩ የማንንም ልብ አይሰርቅም። የቲቪኤሱ አፓቼ 180 ደግሞ 177.4 ሲሲ፣ 17 ፈረስ ገደማና አምስት ማርሽ አለው፤ ክብደቱም ወደ 140 ኪሎ ይጠጋል። ፈጣን ነው፣ ፍሬኑም ይይዛል። ነገር ግን ያንን ጉልበት የሚሰጣችሁ ዙሩን ከፍ አድርጋችሁ ስትይዙት ነው። ዝቅ ባለ ዙር ጭነት ይዛችሁ ዳገት ላይ ብትለምኑት ያመነታል፣ እናንተም ማርሽ ስትቀያይሩ ፍሪሲዮኑን (ኢንጂኑን ከጎማው የሚያገናኘውንና የሚለየውን) ትጨርሱታላችሁ። ብቻውን ለሚነዳ ሰው አፓቼ ደስታ ነው፤ ለጭነት ግን እኔ አልገዛውም። «የሕንድ ዕቃ» ብሎ የሚንቅ ካለ፣ ባጃጅ ከካዋሳኪ ጋር ለዓመታት ሠርቷል፤ ቲቪኤስም እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ድረስ ከሱዙኪ ጋር ነበር። ትምህርቱ ከጃፓን ነው።

የቻይናዎቹ ስማቸው ብዙ ነው፤ ሆዳቸው ግን አንድ ነው። አብዛኞቹ ውስጣቸው ሆንዳ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሲጂ 125 ኢንጂን ዝርያ ነው። ሆንዳ ያንን ኢንጂን የሠራው ጥገናና ንጹሕ ዘይት ለማያገኝ አገር ብሎ ነው፤ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው በዘንግ ስለሆነ ላይ የሚያልቅ የውስጥ ካቴና የለውም። ንድፉ ወርቅ ነው። ልዩነቱ ያለው በብረቱ ጥራት ላይ ነው፤ አንዱ ፋብሪካ ጥሩ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ያስገባል፣ ሌላው ያስመስላል። ከውጭ አይታችሁ አታውቁትም። እኔ የማያቸው ብየዳዎቹን፣ የሽቦዎቹን አጠቃለልና የብሎኖቹን ቀለም ነው። የሚታየውን በግዴለሽነት የሠራ ፋብሪካ የማይታየውን ይጠነቀቅለታል ብዬ አላምንም።

ያማሃ ዲቲ እና ኤጂ 100 በጨረታ የሚገኙ አሮጌ ሞተሮች ናቸው፤ አዲስ ለሚፈልግ አያስፈልጉትም። ድንቅ ነበሩ፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር እያቃጠሉ ሰፈሩን ማጠናቸው ቢቀር።

ሻጩ ግቢው ውስጥ አንድ ዙር አድርጎ ያሳያችኋል። ግቢ ውስጥ መጥፎ ሞተር የለም። መሞከሪያው የቸርችል ጎዳና ነው። ለገሃር፣ ከአንበሳው ሐውልት ተነሡ፤ ከኋላ በክብደት እናንተን የሚያህል ሰው አስቀምጡ። ፖስታ ቤቱን አልፋችሁ ቴዎድሮስ አደባባይ ስትደርሱ ፈተናው ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ማዘጋጃ ቤት ያለው ዳገት አያላግጥም። መሐል ላይ ሆን ብላችሁ ቁሙና በአንደኛ ማርሽ ተነሡ። ፍሪሲዮን ሳትቀቅሉ ከተነሣ፣ ወደ ሁለተኛ ስትቀይሩም ካልተንቀጠቀጠ አልፏል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም እስከ ላይ በአንደኛ ብቻ ከወጣችሁ ይህ ሞተር ለእናንተ ያንሳል። ላይ ስትደርሱ አታጥፉት፤ ጋዝ ሳትሰጡት ሚኒሞ ላይ ተዉትና አዳምጡት። ከልፋት በኋላ እኩል መተንፈስ አለበት። ቀጥሎ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል በሁለተኛ ማርሽ ጋዝ ለቃችሁ ውረዱ። ኢንጂኑ ራሱ ምን ያህል እንደሚይዛችሁ፣ ፍሬኑ ምን ያህል እንደሚቀረው ያኔ ይታወቃል። ከድልድዩ ወደ አራት ኪሎ ስትወጡ ደግሞ በቀስታ ከሚሄድ ሚኒባስ ኋላ ተከተሉ፤ የየቀኑ ኑሯችሁ እሱ ነውና።

«አዲሱ ታርጋ ስለሌለው ከግቢ አይወጣም» ካሏችሁ ትክክል ናቸው። ያኔ ያንኑ ሞዴል የሚነዳ የዴሊቨሪ ልጅ ፈልጉና ቡና ጋብዙት፤ ከኋላው ተቀምጣችሁም ቢሆን ብዙ ትማራላችሁ። ከሻጭ የማትሰሙትን ከእሱ ትሰማላችሁ፤ የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ዝናብ ላይ የቱ ጋ እንደሚያንሸራትት፣ በቀን ስንት ብር ቤንዚን እንደሚቀዳ።

ሞተሩ ዳገቱን በትንሹ ካነሰበት ተስፋ አትቁረጡ። የኋላውን የካቴና ጥርስ አንድ ሁለት ጥርስ በሚበልጥ መቀየር ዳገቱን ያቀልላል። ቀለበት መንገድ ላይ ያለው ከፍተኛ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ዕቃ ጭኖ የሚሠራ ሰው ያንን ፍጥነት ምን ያደርገዋል?

አያያዝ የሚባለው ነገር መኪና መሐል ስትገቡ ነው የሚታወቀው። መቀመጫው ላይ ሁናችሁ ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬት ይረግጡ፤ በጫማ ጫፍ ብቻ የምትነኩ ከሆነ ኮብልስቶን ላይ በቆማችሁበት ትወድቃላችሁ። መሪውን እስከ ጫፍ አዙሩት፤ አፓቼን የመሰሉት አጭርና ዝቅ ያለ መሪ ስላላቸው ጠባብ ቦታ ላይ ለመዞር ይቸግራሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሲነዱም የእጅ አንጓ ይበላሉ። ሰፊና ከፍ ያለ መሪ ለከተማ ይመቻል፤ በሁለት ሚኒባሶች መካከል ለመሹለክ ግን ስፋቱን ለኩት። ክረምት ላይ ሰዎችን የሚጥላቸው ፍጥነት ብቻ አይደለም። በውኃ የራሰ የዜብራ ቀለም ላይ ፍሬን መያዝም ይጥላል። የፊት ዲስክ ፍሬን ያለውን ምረጡ፤ በጀቱ ከፈቀደ ኤቢኤስ (ፍሬን ስትይዙ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል) ያለውን። የኋላው ከበሮ ቢሆን ግድ የለም። ስለ ጎማ፦ ከላመዳሪያ (የውስጥ ላስቲክ) የሌለው ጎማ ሲበሳ ጎሚስታው ሳይፈታ ይደፍነዋል፤ የሽቦ ቸርኬ ደግሞ ጉድጓድን ይችላል። ውሎዬ አስፋልት ላይ ስለሆነ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

የኤሌክትሪኩን ነገር ብዙ ሽማግሌ ሜካኒክ ያጣጥለዋል፤ እኔ አላጣጥልም። በጥር 2016 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካወጀ ወዲህ አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ እንደ ዶዳይ ያሉት የኤሌክትሪክ ሞተሮችም ጎዳናው ላይ እየበዙ ነው። ትልቁ ነገር ደግሞ ስስ አየር አይነካውም፤ ኤሌክትሪክ አይተነፍስም። ገና ከመነሻው ሙሉ የመጎተት አቅሙን ይሰጣል። ግን የተጻፈውን ርቀት አትመኑ፤ አንድ ሰው ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ሲነዳ የሚገኝ ነው። ራሳችሁ አስሉት፦ የባትሪውን ቮልት በአምፔር-ሰዓቱ አባዙ። 72 ቮልት በ40 አምፔር-ሰዓት ሲባዛ 2,880 ዋት-ሰዓት ነው። ጭነትና ዳገት ስላለ እኔ ለአንድ ኪሎሜትር 40 ዋት-ሰዓት አድርጌ ነው የማስበው፤ 72 ኪሎሜትር ይመጣል። ከዚህ ላይ ለባትሪው እርጅና ቀንሱ። ባትሪው ሊትየም ይሁን፤ የእርሳሱ ይከብዳል፣ ቶሎም ይደክማል። ጎማውን የሚያዞረው ዲናሞ የኋላ ጎማው ውስጥ ከሆነ ረጅም ዳገት ላይ ይግላል፤ መሐል ተቀምጦ በካቴና የሚያሽከረክረው ለእኛ ከተማ ይሻላል። ቁልቁለት ላይ እንደ ቤንዚኑ ኢንጂን አይዝም፤ ጉልበት መልሶ የሚሰበስብ ሥርዓት ካለው ጥቂት ያግዛል፣ ከሌለው ሁሉም ነገር ፍሬኑ ላይ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ደግሞ ባትሪው ይወጣል ወይ፣ ስንት ኪሎ ነው ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ደንበኛዬ ይህን ሳይጠይቅ ገዝቶ አሁን የጥበቃውን ቤት ሶኬት በወር ይከራያል።

ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ሱማሌ ተራና ተክለ ሃይማኖት ሱቆች ሂዱና አራት ዕቃ ጠይቁ፦ የፍሪሲዮን ፕሌት፣ የፍሬን ሸራ፣ ካቴና ከነጥርሱ፣ ፒስተን ከነፋሻው። ሦስት ሱቅ ላይ አራቱም ከተገኙ ሞዴሉ ይኖራል። «በትዕዛዝ ነው» የሚል መልስ ከበዛ ሞተሩ ቢያምርም ተዉት። ብዙ ሰው ቦክሰርን የሚገዛው በዚሁ ነው፤ ዕቃው ሰፈር ውስጥ ያድራል።

ወረቀቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ከተማ አስተዳደሩ በ2011 መጨረሻ ላይ የሞተር እንቅስቃሴን ከገደበ ወዲህ ገዝቶ ማቆም እንጂ መንዳት የማይችል ሰው አይቻለሁ። ስለዚህ ቀብድ ሳትሰጡ በምን ዓይነት ታርጋና ፈቃድ እንደምትነዱት ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ፤ የሦስተኛ ወገን መድኑንም ከወዲሁ አስቡ። ርክክብ ላይ የሻንሲውን ቁጥር ከመሪው አንገት ላይ፣ የኢንጂኑን ከጎኑ ላይ በስልካችሁ ባትሪ እያበራችሁ አንብቡና ከዲክላራሲዮኑ (ከጉምሩክ ወረቀቱ) ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። አንድ ቁጥር እንኳ ከተለየች ሻጩ የትየባ ስህተት ነው ቢላችሁም አስተካክሎ እስኪያመጣ ገንዘቡን ያዙ።