የኖቲፊኬሽን መጋረጃን ጀርባ ስትቀይሩ ልትሠሯቸው የማይገቡ ስህተቶች

ስልኩን ሩት ያደረገ (የሲስተሙን ፋይሎች የመቀየር ሙሉ ፈቃድ የያዘ) ሰው እጁ ቶሎ የሚሄደው ከላይ ወደ ታች ወደሚሳበው የኖቲፊኬሽን መጋረጃ ነው። ባዶው ጀርባ ይሰለቻል፤ በምትኩ የልጁን ፎቶ ቢያይበት ደስ ይለዋል። ጣጣው ያ ጀርባ ብቻውን የቆመ ነገር አለመሆኑ ነው። ሲስተም ዩአይ የሚባለው የአንድሮይድ ክፍል አካል ነው፤ ከላይ ያለው ሰዓት፣ የባትሪው ምልክትና ከታች ያሉት ቁልፎችም የእሱ ናቸው። እሱ ሲወድቅ ሁሉም አብረው ይወድቃሉ።

ስለዚህ ከሁሉ የከፋው ስህተት መመለሻ ሳያዘጋጁ መግባት ነው። እኔ ይህን የተማርኩት «ሲስተም ዩአይ ቆሟል» የሚል መልእክት እሺ ባልኩት ቁጥር እየተመለሰ ቅዳሜዬን ሙሉ ከበላው በኋላ ነው። አስቀድማችሁ በሪከቨሪ (አንድሮይድ ሳይነሳ በሚከፈተው የጥገና ክፍል)፣ ለምሳሌ በቲደብሊውአርፒ፣ ባክአፕ አድርጉና ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት። ስልኩ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ግን በዚህ ባክአፕ አይካተቱም፤ ለብቻ አስቀምጧቸው። ለውጡን በማጂስክ (ሩት ማድረጊያው መሣሪያ) ሞጁል፣ ማለትም ተጨማሪ ጥቅል፣ ካስገባችሁ ዋናው ፋይል አይነካም፤ ስልኩ አልነሳ ቢል በሴፍ ሞድ ማስነሳት ሞጁሎቹን ያጠፋቸዋል።

ምስሉን በእጅ ለሚቀይር ደግሞ ናይን ፓች አለ። በስክሪኑ ልክ እንዲለጠጡ የተሠሩ ምስሎች በስማቸው መጨረሻ፣ ከፒኤንጂ በፊት፣ 9 ቁጥር አለባቸው። ዙሪያቸውን ያሉት የአንድ ፒክሰል ጥቁር መስመሮች የቱ ቦታ እንደሚለጠጥ ይወስናሉ። ኤፒኬውን (ምስሎቹን የያዘውን የሲስተም ዩአይ የአፕ ፋይል) እንደ ዚፕ ብቻ ከከፈታችሁት መስመሮቹ አይታዩም፤ እንዲያ ያለውን ምስል ነካክቶ መመለስ መጋረጃውን ያጣምመዋል። ኤፒኬን ፈትቶ በሚገጥመው ኤፒኬቱል ፍቱት፣ መስመሮቹ ይመለሳሉ። ሲያልቅ ሙሉውን ኤፒኬ በራሳችሁ ዲጂታል ፊርማ አትፈርሙ፤ ከሮሙ (ስልኩ ላይ ከተጫነው ሲስተም) ፊርማ ጋር ስለማይገጥም አንድሮይድ አይቀበለውም። የፋይሉ ፈቃድም 644 (ባለቤቱ ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል ብቻ) ይሁን፤ ይቺን የረሳ ብዙ ነው።

የድሮ መመሪያ መከተልም ያስቸግራል። አንድሮይድ 5 በ2014 ሲወጣ መልእክቶቹ ነጭ ካርድ ላይ መቀመጥ ጀመሩ፤ ለአንድሮይድ 4 የተጻፈው ዘዴ ቢሠራ እንኳ ምስሉ ከካርዶቹ ጀርባ ይደበቃል። ግራቪቲቦክስን (ሩት በሆነ ስልክ ላይ የሲስተሙን መልክ የሚቀይር መሣሪያ) የምትጠቀሙም ለየአንድሮይዱ የተለየ እትም ስላለው የስልካችሁን አይታችሁ ጫኑ።

ከካሜራ የወጣ ፎቶ እንዳለ አታስገቡ። 4000 በ3000 ፒክሰል የሆነ ፎቶ ሲከፈት ራም ላይ 48 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ 1080 በ1920 ተደርጎ ሲቆረጥ ግን ወደ 8 ይወርዳል። 1 ጊጋ ራም ባለው ስልክ ይህ በግልጽ ይታወቃል። ፎቶውን አጨልሙት ደግሞ፤ በደማቅ ሰማይ ላይ ነጭ ጽሑፍ ማንበብ ዓይን ያደክማል። ስልኩን አግድማችሁም ሞክሩት።

ሳምሰንግ ያላችሁ ደግሞ ለዚህ ብላችሁ ሩት አታድርጉ። ኖክስ የሚባለው የሳምሰንግ ጥበቃ ስልኩ መነካካቱን የሚመዘግብ ፊውዝ አለው፤ አንዴ ከተቃጠለ ስቶክ ሮም (የፋብሪካውን ሲስተም) ብትመልሱም አይድንም፤ የግል ፋይሎች መደበቂያው ሴኪዩር ፎልደርም አብሮ ይቀራል። ቀለም መቀየር ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ የራሱ የሳምሰንግ አፕ ጉድ ሎክ (ስሙ በእኛ ቋንቋ ጉድ ቢያሰኝም) ኩዊክስታር በሚባለው ክፍሉ ያለ ሩት ይቀይርላችኋል።