ጓሮ ኩሬ ላይ ደንገልና ቄጠማ ስትተክሉ እነዚህን አታድርጉ

ግቢያችሁ ውስጥ ትንሽ ኩሬ ወይም ውሃ የሚቋጥር ጥግ ካለ፣ የውጭ አበባ ፍለጋ አትድከሙ። ደንገል፣ ቄጠማ፣ ፊላ፣ ቅጠሉ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ሰማያዊ የውሃ አበባ፣ ሁሉም አገር በቀል ናቸው። አንዴ ከያዙ በየዓመቱ መትከል የለም። ችግሩ አተካከሉ ላይ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት እምቦጭ ማስገባት ነው። አበባው ያምራል፣ አልክድም። ግን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ወራሪ ነው፤ ጣና ላይ ያደረሰውን ያየ ሰው ግቢው ሊያስገባው አይገባም። ካለባችሁ አውጥታችሁ ደረቅ መሬት ላይ አድርቁት፤ ወንዝ ዳር እንዳትጥሉት፣ ለጎረቤትም እንዳትሰጡት።

ደንገልን ደግሞ ችግኝ ሳለ አትናቁት። ታንኳ የሚሠራበት ተክል እኮ ነው! ሲመቸው ከ4 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ሥሩም ወደ ጎን እየሄደ ኩሬውን ይሞላል። በሰፊ ባልዲ ተክላችሁ ባልዲውን ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። ፊላ ይብሳል፤ ሹል ሥሩ ውሃ እንዳይሰርግ ኩሬው ላይ የሚነጠፈውን ፕላስቲክ ይበሳል።

ፍግና ኮምፖስት ይቅርባችሁ። ይንሳፈፋል፣ ይበሰብሳል፣ ውሃውም አረንጓዴ ይሆናል። ከባድ ዋልካ አፈር አድርጋችሁ ላዩን ጠጠር አልብሱት።

ከበዓል የተረፈ ቄጠማ ጭቃ ውስጥ ሰክቶ የሚጠብቅም አለ። እሱ እኮ ከሥሩ በላይ የታጨደ ነው፣ ከየት ይበቅላል? የምትፈልጉት የጣት ያህል ርዝመት ያለው፣ ጫፉ ላይ ነጣ ያለ አዲስ ቡቃያ ያወጣ የሥር ቁራጭ ነው። እሱን አጋድማችሁ፣ ቡቃያውን ቀና አድርጋችሁ፣ በጭቃ ሸፍኑት። ከረግረግ ስትወስዱም አንድ ሁለት ቁራጭ ይበቃል፤ ቦታውን አራቁታችሁ አትምጡ።

ሁሉንም አንድ ጥልቀት ላይ መትከልም አይሆንም። ቄጠማ እርጥብ ጭቃ ይበቃዋል። የውሃ አበባው ግን ግማሽ ሜትር ገደማ ውሃና ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ፏፏቴ ሥር ካደረጋችሁት ደግሞ ቅጠሉ እየተመታ ይበላሻል።

እንደ ባሕር ዳር ወባ ባለበት አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ የቆመ ውሃ ቀልድ አይደለም። የትንኝ እጭ የሚበሉ ትናንሽ ዓሦች ጨምሩበት፤ ዓሣ ካላገኛችሁ ኩሬውን ተዉትና ቄጠማውን ውሃ ሳይተኛበት በረጠበ ጭቃ ላይ ብቻ አሳድጉት።