ጉልበታችሁን አስፋልት ከማስነካታችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ሞተር የሚለማመዱ ልጆች ስልክ ላይ የቲቲ ውድድር ቪዲዮ አይጠፋም። ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይል ኦፍ ማን በምትባል ደሴት የሚካሄደው የሞተር ውድድር ነው። ልጆቹ ስለወደዱት ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ከቪዲዮው ለይተው የሚወስዱት ነገር ነው።

ከሁሉም የባሰው ኩርባ ላይ የሰው መስመር ውስጥ መግባት ነው። ስንቴ ልናገር? ተወዳዳሪው ኩርባውን ከዳር እስከ ዳር የሚጠቀመው መንገዱ በሕግ ስለተዘጋለት ነው። ከፊቱ መኪና አይመጣም። አነሳሱ እንኳ በ10 ሰከንድ ልዩነት፣ አንድ በአንድ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የምትወርዱበትን ጣርማ በርን ማን ዘጋላችሁ? ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ የሚወጣ አይሱዙ ኩርባውን ሰፋ አድርጎ ይይዛል። ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ከፊቴ የነበረ ልጅ በግራ ኩርባ ላይ ጉልበቱን አውጥቶ ከነሞተሩ ተጋደመ። ጎማው በራሱ መስመር ላይ ነው። ጭንቅላቱ ግን መሃል መስመሩን አልፎ ሄዷል። የአይሱዙው ስፖንዳ ሄልሜቱን ፋቀው። ሲቆም አየሁት፤ ሄልሜቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ቀርቷል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። በግራ ኩርባ ቀኙን ይዛችሁ ግቡ፤ መውጫውን ሳታዩ አትጋደሙ። በቃ!

ጉም ሲወርድም መንዳት አለ። ቲቲ ላይ ተራራው ጉም ከለበሰ ውድድሩ ይቆማል፤ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር መብረር አይችልማ። እኛ ጋ ሄሊኮፕተሩም የለ። ከታች ከመጣችሁ ደብረ ሲና ቆሎ እየቆረጠማችሁ ጠብቁ።

ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት መልቀቅ ሌላው ነው። ከጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስታችሁ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። ሞተሩ ካልያዘላችሁ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ነው። ፍሬን ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ።

የሄልሜት ማሰሪያ እሰሩ።

በውርጭ ጠዋት ጎማ አይይዝም። ተወዳዳሪዎቹ ከመነሳታቸው በፊት ጎማቸውን በኤሌክትሪክ መጠቅለያ ያሞቃሉ። እናንተ ከከተማ እስክትወጡ ቀስ በሉ።

«ተወዳዳሪ መሆን እፈልጋለሁ» ብሎ ከፍጥነት የሚጀምርም አለ። ጆይ ደንሎፕን እዩ። ቲቲ ላይ በ1976 እ.ኤ.አ. ጀመረ፤ ከ1977 እስከ 2000 ድረስ 26 ጊዜ አሸነፈ። በመጨረሻው ዓመት፣ በ48 ዓመቱ፣ ሦስት ውድድር ወሰደ። ሞተሩን በገዛ እጁ ይፈታል፣ ይገጥማል። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን፣ ከ200 በላይ ኩርባ ያለውን መንገድ በቃሉ ያውቀዋል። ዛሬም አዲስ ተወዳዳሪ መጀመሪያ በተገደበ ፍጥነት እየተመራ ነው መንገዱን የሚያየው። ያ ሁሉ ልምድ ያለው ደንሎፕ ከዚያ ድል ብዙም ሳይቆይ በኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ውስጥ፣ በእርጥብ መንገድ ላይ ሲወዳደር ዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ።

እኔ ጋ ልትማሩ ስትመጡ ከዋሻው እስከ ደብረ ሲና ያለውን ኩርባ ሁሉ ወረቀት ላይ ስላችሁ አምጡ። የቱ ጋ ጠጠር እንደሚበተን፣ የቱ ጋ ውኃ እንደሚያቋርጥ፣ አይሱዙ የቱ ጋ እንደሚሰፋ ጻፉበት። ስለ ፍጥነት ከዚያ እናወራለን።