የምክር ቤት ውሳኔ ለነዋሪው እንዲደርስ፦ ለደሴ ዕድሮችና የሰፈር ኮሚቴዎች

ውሳኔ በቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለተለጠፈ ብቻ ነዋሪው ዐውቆታል ማለት አይቻልም። ጧት ወጥቶ ማታ የሚገባ የቀን ሠራተኛ፣ ማንበብ የማይችሉ አዛውንት ወይም ከቤት የማትወጣ ሕመምተኛ ሰሌዳው አጠገብ ላይደርሱ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ውሳኔው ከሁሉ በላይ የሚነካው እነርሱኑ ነው። ይህ ጽሑፍ በደሴ ከተማ መረጃን ከምክር ቤት ወደ ሰፈር ማድረስ ለሚፈልጉ የዕድር ጸሐፊዎች፣ የሰፈር ኮሚቴ አባላትና ወጣቶች የተዘጋጀ ነው።

በመጀመሪያ ማን ምን እንደሚወስን መለየት ያስፈልጋል። የከተማው ምክር ቤት በነዋሪው የተመረጠ አካል ሲሆን የከተማውን በጀትና ዕቅድ ያጸድቃል፤ ከንቲባውና ጽሕፈት ቤቶቹ ያስፈጽማሉ፤ ክፍለ ከተማና ቀበሌ ደግሞ አገልግሎቱን ለነዋሪው ያደርሳሉ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ ለሰፈራችሁ መንገድ ወይም የውኃ መስመር ገንዘብ ተይዞ እንደሆነ ለማወቅ የምትፈልጉ ሰዎች ክትትላችሁን ከሰኔ ጀምራችሁ ማጠናከር ይኖርባችኋል። ከሰፈራችሁ የተመረጠውን የምክር ቤት አባል ማወቅና ጉባኤ የሚደረግበትን ቀን አስቀድሞ መጠየቅም የዚሁ ሥራ አካል ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ውሳኔውን በጽሑፍ ማግኘት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል፤ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ያረጋግጣል። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይቀርባል፤ ምላሹም በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። በጽሑፍ አመልክታችሁ ቅጂውን በመዝገብ ቤት ማኅተም ካስደረጋችሁበት፣ ምላሽ ቢዘገይ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ለማለት ማስረጃ ይሆናችኋል።

ወረቀቱ እጃችሁ ከገባ በኋላ የጸደቀውን፣ ለውይይት የቀረበውንና ወሬ ብቻ የሆነውን መለየት ግዴታችሁ ነው። እንደኔ እምነት ከሥራው ሁሉ ከባዱም ታላቁም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ስለ ቤት ማፍረስ፣ ስለ ቦታ ዕጣ ወይም ስለ ግብር ጭማሪ የሚነዛ ያልተረጋገጠ ወሬ የሰውን እንቅልፍ ይነሣል፣ ለደላላም በር ይከፍታል። ማኅተምና ቀን የሌለውን ነገር አታሰራጩ። ለውይይት የቀረበ ጉዳይ ሲሆን ገና እንዳልተወሰነና ነዋሪው እስከ መቼ፣ የትስ ሄዶ አስተያየት መስጠት እንደሚችል ግለጹ።

ማስታወቂያውን ስትጽፉ የጽሕፈት ቤቱን ቋንቋ ወደ ቤት ቋንቋ መልሱት። ለምሳሌ ደብዳቤው «የአገልግሎት ታሪፍ ማሻሻያ ጸድቋል» ቢል፣ እናንተ የቆሻሻ ማንሻ ክፍያ ከስንት ብር ወደ ስንት ብር እንደተቀየረ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚከፈል፣ እነማን እንደሚከፍሉና ቅሬታ ያለው ሰው የትኛው ቢሮ መሄድ እንዳለበት በአምስት ወይም በስድስት መስመር ጻፉ። ከሥር ውሳኔው የተላለፈበትን ቀንና የደብዳቤውን ቁጥር አስፍሩ፤ የሚጠራጠር ሰው ራሱ ሄዶ እንዲያረጋግጥ ያስችለዋል።

ከውሳኔ ባልተናነሰ፣ ነዋሪው ያሉትን አገልግሎቶች እንዲያውቅ ማድረግ ይገባል። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ደሴ በመጀመሪያው ዙር ከታቀፉት 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ከችግረኛው ነዋሪ መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ሥራ እየተሳተፈ፣ መሥራት የማይችለው ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ እንዲታገዝ የተዘረጋ ነው። እንዲህ ባለው ፕሮግራም ምልመላው የሚካሄድበትን ጊዜና ቅሬታ የሚቀርብበትን ቀን ያልሰማ ቤተሰብ፣ ችግሩ ከሌላው ቢብስ እንኳ ከዝርዝሩ ሊቀር ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም በየዓመቱ የሚታደስ በመሆኑ፣ የማደሻው ጊዜ ሳያልፍ ደጋግሞ ማሳሰብ ያስፈልጋል፤ ያላሳደሰ አባል በታመመ ጊዜ ሙሉ ወጪውን ከኪሱ ሊከፍል ነው። በጎረቤታችን ተሁለደሬ ወረዳ መድኑ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሙከራ የተጀመረ ስለሆነ፣ ጥቅሙን በኑሯቸው ያዩ ሰዎች በቅርብ አሉ፤ እነርሱ እንዲያስረዱ መጋበዝ ከማንኛውም በራሪ ወረቀት ይበልጣል።

መረጃውን የምታደርሱበት መንገድ አዲስ መሆን የለበትም። የዕድር ወርኃዊ ስብሰባ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊድ የሚነገር ማስታወቂያ፣ የቡና ሰዓት ጉርብትና፣ ሰኞ ገበያ የሚሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ አሉላችሁ። የሃይማኖት አባቶችንና ሼሆችን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይነበብ። ለወጣቱ በቴሌግራም የደብዳቤውን ፎቶ፣ ማንበብ ለሚቸገር ደግሞ አጭር የድምፅ መልእክት ላኩ። ስልክ ለሌላቸው ለእያንዳንዱ መንደር አንድ ሰው መድቡ፤ እርሱም ቤት ለቤት ዞሮ ነግሮ፣ የተነሣውን ጥያቄ መዝግቦ ይመለስ።

የተሰበሰበውን ጥያቄ ለምክር ቤት አባሉ በጽሑፍ አስረክቡና መልሱን ጥያቄው በመጣበት መንገድ መልሱ። ስሕተት ከተገኘ እርማቱን በዚያው ቀን፣ የመጀመሪያው መልእክት በተነገረባቸው ቦታዎች ሁሉ አሰሙ። ደብዳቤዎቹንም በቀን ተራ በአንድ ማኅደር ውስጥ አስቀምጡ፤ ማኅደሩ በዕድሩ ቤት ሆኖ ማንኛውም ነዋሪ መጥቶ እንዲያየው ክፍት ይሁን።