ከማይኩ ጀርባ ማን አለ? ሴቶች የሚጫወቱባቸውን የኤክስትሪም ሜታል ባንዶች ከወሎ ሆናችሁ ለማግኘት

ዩቲዩብ ላይ ገብታችሁ «የሴት ሜታል ባንድ» ብላችሁ ብትፈልጉ፣ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ከኪቦርድና ከቫዮሊን ጋር በቀጭን ድምፅ የምትዘፍን ልጅ ናት። ደስ የሚል ሙዚቃ ነው። ግን ዴዝ ሜታል ወይም ብላክ ሜታል፣ ማለትም ኤክስትሪም የሚባሉትን በጣም ከባድና ጩኸት የበዛባቸውን የሜታል ዓይነቶች ለፈለገ ሰው አይሆንም። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ስለ «ቆንጆዎቹ የሜታል ሴቶች» የሚያወራ ቪዲዮ ነው። እሱን ዝለሉት። መልካቸውን ያሳያችኋል እንጂ ማን ምን እንደሚጫወት አይነግራችሁም፤ ዳታችሁንም ይበላል።

እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። ድምፃዊቷን ብቻ አትዩ። ድራሙ ላይ ማን ተቀምጧል? ቤዝ ጊታሩን ማን ይዞታል? ዘፈኑን የሠራው ማን ነው? ይህን መጠየቅ ስትጀምሩ ፍለጋው ሌላ መልክ ይይዛል።

ወሎ ላይ ነገሩን በቀላሉ የምንረዳው ይመስለኛል። የሴት ድምፅ እናከብራለን፤ አምባሰል ሲባል ማሪቱ ለገሰ ትዝ የማትለው ወሎዬ ማግኘት ከባድ ነው። ማሲንቆው ግን ባብዛኛው ወንድ እጅ ላይ ነው። ሜታልም ውስጥ እንዲሁ ነው። ሴት መድረክ ፊት ቆማ ስትዘፍን ሁሉም ያያታል፣ ጊታር ይዛ ጥግ ላይ ስትቆም ግን ስሟን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከጥጓ እንጀምር።

የመጀመሪያ ማዳመጫችሁ ቦልት ትሮወር ይሁን። በ1986 እንግሊዝ፣ ኮቨንትሪ ከተማ የተመሠረተ የዴዝ ሜታል ባንድ ነው። ቤዝ የምትጫወተው ጆ ቤንች በ1987 ገባች፤ ከ1988 እስከ 2005 የወጡት 8 የስቱዲዮ አልበሞች ሁሉ ላይ አለች። ድራመራቸው በ2015 በድንገት ሲሞት በቀጣዩ ዓመት ባንዱን ዘጉት። የእሷን ቦታ እንደ ጉድ የሚያወራ የለም፤ ባንዱ ውስጥ አንዷ ተጫዋች ናት፣ በቃ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። አንድ ምክር ግን ስሙኝ፣ ይህን ሙዚቃ በስልክ ስፒከር አትስሙት። ቤዙ ጨርሶ ይጠፋና ጩኸት ብቻ ይቀራል። ርካሽም ቢሆን የጆሮ ማዳመጫ ይኑራችሁ፣ ለቤተሰብ ሰላምም ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። «ሴት እንደዚህ አታጓራም» የሚል ሰው ይገጥማችኋል፣ የታወቀ ነው። ግራውል የሚባለው ይህ የማጓራት ድምፅ ግን ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። ከድምፅ አውታሮቻችን በላይ ሌሎች እጥፋቶች አሉ፣ ሐሰተኛ የድምፅ አውታሮች ይባላሉ፤ በደንብ የሠለጠነ ሰው እነሱን አንቀጥቅጦ ነው ያንን ጥልቅ ድምፅ የሚያወጣው። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ በመስማት ብቻ ሴት ትሁን ወንድ መለየት የማይቻለው። ፈትኑት። ለጓደኛችሁ የአብኖርማሊቲን ዘፈን ስክሪኑን ሸፍናችሁ አሰሙት። የአሜሪካ ማሳቹሴትስ ባንድ ነው፣ ድምፁ የማሊካ ሳንዳራሙርቲ ነው፤ ሠዓሊም ናት፣ የባንዶች አልበም ሽፋን ትሥላለች። ጓደኛችሁ ከሰማ በኋላ ፎቶዋን አሳዩት።

ለጀማሪ ጆሮ ያ ከከበደ አርች ኤነሚን ውሰዱ። የስዊድን ባንድ ነው፣ ጊታሩ ዜማ አለው፣ ይይዛል። ጀርመናዊቷ አንጌላ ጎሶ በ2000 ገብታ ባንዱን በዓለም አሳወቀችው፤ በ2014 ቦታዋን ለካናዳዊቷ አሊሳ ዋይት ግሉዝ ለቅቃ እሷ የባንዱ ማናጀር ሆና ቀጠለች። ብዙ ሰው ወደዚህ ሙዚቃ የገባው በእነሱ በር ነው።

ዋናው መሣሪያችሁ ግን ኢንሳይክሎፒዲያ ሜታለም የሚባለው ድረ ገጽ ነው። ሰው ሜታል አርካይቭስ ይለዋል። ከ2002 ጀምሮ አለ፣ ነፃ ነው፣ አብዛኛው ጽሑፍ ስለሆነ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቀን እንኳን ይከፈታል። እያንዳንዱ ባንድ ገጽ አለው። ገጹ ላይ አሁን ያሉ አባላት፣ የቀድሞ አባላት፣ ለኮንሰርት ብቻ የሚጫወቱ ሰዎች ለየብቻ ተዘርዝረዋል። የአንዱን አባል ስም ስትነኩ ደግሞ የሰውየው ወይም የሴትዮዋ የራሷ ገጽ ይመጣል፤ ጾታዋ፣ አገሯ፣ የተጫወተችባቸው ባንዶች ሁሉ። ያ ገጽ ወርቅ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ። ኔርቮሳ ብላችሁ ግቡ። በ2010 ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ላይ የተመሠረተ የትራሽ ሜታል (ፈጣን የሜታል ዓይነት ነው) ባንድ ነው፣ መሥራቿ ጊታሪስት ፕሪካ አማራል ትባላለች። በ2020 ቤዝ እየተጫወተች የምትዘፍነው ፈርናንዳ ሊራና ድራመሯ ሉዋና ዳሜቶ አብረው ወጡ። የወጡት ወዴት ነው? ስማቸውን ንኩ። ክሪፕታ የሚባል ባንድ ታገኛላችሁ፣ በ2021 የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጡ፣ ከኔርቮሳ ይልቅ ወደ ዴዝ ሜታል ያዘነበሉ ሴቶች ናቸው። ወደኋላ ተመለሱና ፕሪካ ብቻዋን ስትቀር ምን እንዳደረገች እዩ፤ ከስፔን ድምፃዊት፣ ከጣሊያን ቤዚስት፣ ከግሪክ ድራመር አምጥታ ባንዱን እንደገና አቆመችው። የእነሱንም ስም ንኩ። እያንዳንዷ ከሌላ ባንድ ነው የመጣችው። አያችሁ፣ ከአንድ ባንድ ተነስታችሁ አራት አገር ደረሳችሁ፣ «ሴት» የሚለውን ቃል ግን አንድ ጊዜም አልጻፋችሁም። በዚህ ላይ ድራመሯን ሉዋናን ልብ ብላችሁ ስሙልኝ፣ እግሯ አያርፍም።

እዚያው ገጽ ላይ ተመሳሳይ ባንዶችን የሚያሳይ ክፍልም አለ፣ አንባቢዎች በድምፅ የሚያስቀምጡት ነው። ላቅ ያለውን የፍለጋ ገጽ ከከፈታችሁ ደግሞ በአገር፣ በዘውግ፣ በተመሠረተበት ዓመት መለየት ትችላላችሁ። አንድ ነገር ግን ዕወቁ፣ ድረ ገጹ ሜታል ናቸው ብሎ ያላመነባቸውን አይመዘግብም። ሜታልን ከሃርድኮር ፓንክ የሚቀላቅል ብዙ የሜታልኮር ባንድ እዚያ የለም። ባጣችሁት ጊዜ ባንዱ የለም ማለት አይደለም።

የስም አጻጻፍ ያስቸግራል፣ አውቃለሁ። እዚህ በፊደላችን የጻፍኩትን በእንግሊዝኛ ፊደል እንደመሰላችሁ ጻፉና አጠገቡ ሜታል ጨምሩበት፤ ዩቲዩብ ብዙውን ጊዜ ራሱ ያርመዋል። ትክክለኛውን አጻጻፍ ካገኛችሁ በኋላ ማስታወሻ ላይ ያዙት።

የጥንቶቹን ሳትሰሙ አትለፉ። ጀርመን፣ አኸን ከተማ ሆሊ ሞዘስ የሚባል ባንድ ነበር፤ ዛቢና ክላሰን በ1981 ገብታ በዚያ ዘመን ከሴት ብዙም በማይሰማ ድምፅ ማጓራት ጀመረች፣ የመጨረሻ አልበማቸው የወጣው በ2023 ነው። አሜሪካ፣ አሪዞና ደግሞ ኒውክለር ዴዝ ነበር። ሎሪ ብራቮ ቤዝ እየተጫወተች ትዘፍናለች፣ በ1990 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ዛሬም ጆሮ የሚፈትን ነው። ፒትስበርግ ላይ በ1988 የተነሳው ደርኬታ ከመጀመሪያዎቹ ሙሉ በሙሉ የሴት ዴዝ ሜታል ባንዶች አንዱ ነው። አቴንስ ላይ በ1995 የተመሠረተው አስታርቴ የብላክ ሜታል ባንድ ነበር፣ መሪዋ ትሪስቴሳ በ2014 በደም ካንሰር ሞተች። ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጋልሃመር፤ ሦስት ሴቶች፣ ቀርፋፋና ጨለማ የሆነ፣ ሆን ተብሎ ያልተወለወለ ሙዚቃ። እሱን ማታ ስሙት።

ስለ ግጥሙም እንነጋገር፣ ይህን ሳላነሳ ባልፍ ታማኝ አልሆንም። ወሎ ላይ አብዛኞቻችን መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ ሰዎች ነን፣ ብዙ ጊዜም አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም አለ። ብላክ ሜታል ውስጥ ደግሞ ሃይማኖትን በቀጥታ የሚሳደብ ግጥም በብዛት አለ፤ ዴዝ ሜታል ውስጥ ስለ ሬሳና ስለ ደም የሚያወራ ሞልቷል። ማንም አያስገድዳችሁም። ሜታል አርካይቭስ ላይ የባንዱ ገጽ ግጥሞቹ ስለ ምን እንደሆኑ በአጭሩ ይነግራችኋል፣ የብዙዎቹም ሙሉ ግጥም ተቀምጧል። አንብቡ፣ ካልተስማማችሁ ቀጣዩን። ስለ ጦርነት፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ሴቶች ጥቃት የሚጽፉ ብዙ አሉ። የዌልሱ ቬኖም ፕሪዝን አንዱ ነው፣ ድምፃዊቷ ላሪሳ ስቱፓር የምትጽፈው ስለ ጭቆናና ስለ ሴቶች በደል ነው።

እምነትና ሜታል አብረው አይሄዱም የሚላችሁ ካለ ቮይስ ኦፍ ባቸፕሮትን አሳዩት። ኢንዶኔዥያ፣ ምዕራብ ጃቫ፣ ጋሩት ከሚባል ቦታ የመጡ ሦስት ሒጃብ የለበሱ ልጆች ናቸው። በ2014 እስላማዊ ትምህርት ቤት ሆነው ጀመሩ፣ ከሜታል ጋር ያስተዋወቃቸው የትምህርት ቤታቸው መምህር ነው፣ ብዙ ተሰድበውበታል፣ በ2024 እንግሊዝ ግላስተንበሪ ፌስቲቫል ላይ ከኢንዶኔዥያ የመጀመሪያው ባንድ ሆነው ተጫወቱ። ሙዚቃቸው ኤክስትሪም አይደለም፣ ቀለል ይላል፣ ግን ቤዝ የምትጫወተዋን ዊዲን ሰምቶ ዝም ብሎ መቀመጥ ያቅታል። ቤይሩት ላይ ደግሞ በ2016 የተመሠረተ ስሌቭ ቱ ሳይረንስ የሚባል የሴቶች ትራሽ ባንድ አለ። ለእኛ ቅርብ ናቸው፤ የሚገጥማቸው ነገር ከሚገጥመን ብዙም አይርቅም።

ጆሯችሁ ይከብደዋል ብላችሁ አትስጉ፣ አብሽሩ። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከእኛው አገር ነው፤ አንቺሆዬን ደግሞ ልብ ብላችሁ ስሙት፣ በጣም የተጠጋጉ ድምፆች አሉበት፣ ያ የሚረብሽ የሚመስል መጠጋጋት ዴዝ ሜታልና ብላክ ሜታል በብዛት የሚጠቀሙበት ነው። ከአማርኛ ሙዚቃ መነሳት ለሚፈልግ ጃኖ ባንድ አለ። ሮክ ነው፣ በ2012 በወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ከአራቱ ድምፃውያን ሁለቱ ሴቶች ናቸው፣ ሃሌሉያ ተክለጻዲቅና ሔዋን ገብረወልድ። ከባህል ዜማ ጋር የተቀላቀለ ከበድ ያለ ነገር ለፈለጋችሁ ደግሞ ዳርኬስትራ የሚባለውን ፈልጉ፤ ኪርጊስታን፣ ቢሽኬክ ላይ በ1999 የተመሠረተ የብላክ ሜታል ባንድ ነው፣ ለብዙ ዓመት ድምፃዊቷ ሴት ነበረች።

ዳታ ላይ እንቆጥብ። ባንድካምፕ የሚባለው ድረ ገጽ ከዩቲዩብ ቪዲዮ በጣም ይሻላል፤ ድምፅ ብቻ ነው፣ በ128 ኪሎቢት ስለሚለቀው አንድ ሰዓት ማዳመጥ 60 ሜጋባይት እንኳን አይሞላም። ገጹ ላይ ከአልበሙ ሥር ማን ምን እንደተጫወተ ብዙ ጊዜ ይጻፋል፣ ያችን ትንሽ ጽሑፍ ሳታነቡ አትውጡ። አንዳንድ ባንዶች ዋጋውን ለአድማጭ ይተዉታል፤ ዜሮ ጽፋችሁ በሕጋዊ መንገድ ማውረድ ትችላላችሁ። ዩቲዩብ የግድ ከሆነ ጥራቱን 144 ላይ አድርጉት።

ካወረዳችሁ በኋላ ለብቻችሁ አትያዙት። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሆነ ወልድያ ሜታል የሚሰማ ሰው አለ፣ አይተዋወቅም እንጂ። ሰኞ ገበያ ወይም ባቲ ሰልባጅ ተራ ላይ የባንድ ስም ያለበት ጥቁር ቲሸርት ካያችሁ ስሙን ጻፉት፣ የለበሰውንም አናግሩት፤ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ገዝቶት ይሆናል፣ ምናልባት ግን ያውቀዋል። ትንሽ የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ። ዘፈን ስትልኩ ከሥሩ የባንዱን ስም፣ አገሩን፣ ዓመቱንና ሴቷ ምን እንደምትጫወት ጻፉ። ስለ መልኳ አስተያየት የሚጽፍ ካለ በግልጽ አቁሙት፣ አለበለዚያ ሴቶቹ ልጆች አንድ በአንድ ከግሩፑ ይወጣሉ።

መግዛት ለምትፈልጉ፣ ከዚህ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ያስቸግራል። ጅዳም ይሁን ዲሲ ያለ ዘመድ ካላችሁ ግን ባንድካምፕ ላይ አልበም በስጦታ መልክ ወደ ኢሜይላችሁ መላክ ይቻላል። ከ2020 ጀምሮ ድረ ገጹ የተወሰኑ ዓርቦችን መርጦ የራሱን ድርሻ ይተዋል፣ ያን ቀን የሚከፈለው ከሞላ ጎደል ለባንዱ ነው የሚደርሰው። ቀኑን አስቀድመው ያሳውቃሉ፤ ዘመዳችሁን በዚያ ዓርብ ለምኑት፣ ከአልበሞቹም ትንሽ አድማጭ ያለውን ምረጡ።