አንድ ገጽ በስንት አድራሻ ይከፈታል? የተደጋገሙ አድራሻዎችንና የመጨረሻዋን እዝባር ስለ ማስተካከል

የድረ ገጽ ባለቤት «አገልግሎት» የሚለውን ገጹን አንድ ብሎ ይቆጥረዋል፤ የፍለጋ ሞተር ግን የሚቆጥረው አድራሻዎችን ነው። ገጹ በኤችቲቲፒም በኤችቲቲፒኤስም፣ ሦስቱ ደብሊው ኖረውም ቀርተውም፣ መጨረሻው ላይ ስላሽ የምንላት እዝባር ኖራም ሳትኖርም የሚከፈት ከሆነ፣ ያው አንድ ጽሑፍ ስምንት አድራሻ አለው ማለት ነው። ጉግል ለዚህ ቅጣት አይጥልም። ሆኖም ከሌሎች ድረ ገጾች የሚመጡ ሊንኮች በስምንቱ ላይ ይበታተናሉ፤ በፍለጋ ውጤትም እርስዎ ያልመረጡት አድራሻ ሊወጣ ይችላል።

ከዶሜይን ስሙ ቀጥላ የምትመጣው እዝባር ብትኖርም ባትኖርም ለውጥ የላትም። ከዚያ ወዲያ ግን «/አገልግሎት» እና «/አገልግሎት/» ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። ለፍለጋ ሞተር ሁለቱም እኩል ስለሆኑ፣ ብዙ ሊንክ የያዘውንና ድረ ገጹ የተሠራበት ሥርዓት የሚቀበለውን ይምረጡ። አፓቺ የተባለው የሰርቨር ሶፍትዌር ለእውነተኛ ፎልደሮች እዝባሯን ራሱ ይጨምራል፤ የድረ ገጽ መሥሪያው ወርድፕረስም የፐርማሊንክ (የገጽ አድራሻ አጻጻፍ) ቅንብሩ በእዝባር የሚያልቅ ከሆነ ሌላውን ወደዚያ ያዛውራል። ከእነዚህ በተቃራኒ ሌላ ትእዛዝ ቢጽፉ ሁለቱ ጎብኚውን እየተቀባበሉ ገጹ ጨርሶ አይከፈትም።

ከመረጡ በኋላ የቀሩትን ሰባቱን 301 በተባለው ቋሚ የማዛወሪያ ትእዛዝ (ሪዳይሬክት) ያዛውሩ፤ 302 ጊዜያዊ መሆኑን የሚገልጽ ስለሆነ ለዚህ አይስማማም። እያንዳንዱ አድራሻ በአንድ እርምጃ መድረሻው ላይ መድረስ አለበት እንጂ መጀመሪያ ወደ ኤችቲቲፒኤስ፣ ቀጥሎ ደብሊው ወደሌለበት፣ በመጨረሻም ወደ እዝባር እየተንከባለለ መሄድ የለበትም። በገጹ ውስጥ ከገጹ አድራሻ አንጻር በከፊል ብቻ የተጻፉ የሥዕልና የሊንክ አድራሻዎች ካሉም፣ እዝባሯ ስትጨመር ወይም ስትቀነስ አቅጣጫቸው ስለሚለወጥ አስቀድመው ይፈትሹ።

ማዛወር ለማይቻልበት ሁኔታ ካኖኒካል አለ። ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት በ2009 በጋራ ያስተዋወቁት ይህ መለያ በገጹ ራስጌ ላይ ተጽፎ ዋናውን አድራሻ ያመለክታል። ለምሳሌ ፌስቡክ በሚያወጣቸው ሊንኮች ላይ ከጥያቄ ምልክት በኋላ የራሱን መከታተያ ኮድ ስለሚጨምር፣ እያንዳንዱ ጠቅታ አዲስ አድራሻ ይፈጥራል፤ ካኖኒካሉ ሁሉንም ወደ አንዱ ይሰበስባል። አድራሻውን ሙሉ አድርገው ይጻፉ፤ የሁሉንም ገጾች ካኖኒካል ወደ መነሻ ገጽ ማመልከት ግን የተለመደና ከባድ ስሕተት ነው። ተደጋጋሚውን ገጽ የፍለጋ ሞተሮች የማያነቡትን በሚዘረዝረው በሮቦትስ ፋይል መዝጋትም አይበጅም፤ የተዘጋን ገጽ ጉግል ስለማያነበው ካኖኒካሉንም አያየውም።

በፊደላችን አድራሻ የሚጽፍ ሰው ሌላም ጣጣ አለበት። «አዲስ-ዓመት» እና «አዲስ-አመት» ለአንባቢ አንድ ቃል ሲሆኑ ለሰርቨሩ ሁለት ናቸው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። ስለዚህ በዝግጅት ክፍሉ የአጻጻፍ ደንብ ይወሰን፤ በሌላው ፊደል የወጣ አሮጌ አድራሻ ካለም በ301 ይዛወር። እያንዳንዱ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል ኮድ ሦስት ባይት ስለሚይዝና እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ፣ ሊንኩ ተቀድቶ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ «አዲስ-ዓመት» ብቻውን 55 ምልክት ይወጣዋል። ይህ ስሕተት አይደለም፣ አድራሻውም ያው ነው፤ እኔ ግን አድራሻን በሁለት ወይም በሦስት ቃል መገደብን እመርጣለሁ።

በመጨረሻ የጉግል የድረ ገጽ ባለቤቶች መሣሪያ በሆነው በሰርች ኮንሶል የአድራሻ መመርመሪያ ውስጥ እርስዎ ያመለከቱትን ካኖኒካልና ጉግል የመረጠውን ያነጻጽሩ። ካኖኒካል ለጉግል ጥቆማ እንጂ ትእዛዝ ስላልሆነ ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ። ከተለያዩ ሜኑው፣ በጽሑፎቹ ውስጥ ያሉት ሊንኮች ወይም ሳይትማፑ (የገጾቹ አድራሻ ዝርዝር ፋይል) አሁንም አሮጌውን መልክ ይዘው እንደሆነ ከዚያ ጀምረው ይፈልጉ።