አንዲት ረድፍ ብቻ ስትፈልጉ

ፒያሳ ላለ አንድ ወርቅ ቤት የጥገና ደረሰኝ መፈለጊያ ስሠራ፣ አንድ ደረሰኝ ለማሳየት የዳታቤዙን ሠንጠረዥ በሙሉ በፌችኦል (fetchAll፣ ሁሉንም ረድፍ በአንዴ የሚያመጣው ትእዛዝ) እጠራ ነበር። ደረሰኙ ሲበዛ ገጹ ተንቀራፈፈ። እናንተ እንዲህ አታድርጉ።

በፒኤችፒ ፒዲኦ (PDO፣ ፒኤችፒን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) ለዳታቤዙ የሚላከውን ጥያቄ በፕሪፔር (prepare) አዘጋጁ። ዌር (WHERE፣ የትኛው ረድፍ እንደሚፈለግ የሚገልጸው ክፍል) ላይ የደረሰኝ ቁጥሩን ቦታ በጥያቄ ምልክት ያዙ፤ ቁጥሩን ጥያቄውን በሚያስኬደው በኤክሲኪዩት (execute) ስጡት። ሰው የጻፈውን እንዳለ ጥያቄው ውስጥ መለጠፍ ለሰርጎ ገብ በር ከፍቶ ማደር ነው። ከዚያ ፌች (fetch፣ አንድ ረድፍ የሚያመጣው ትእዛዝ) አንዴ ይበቃል፣ ሉፕ አያስፈልግም።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ረድፉ ከሌለ ፌች ፎልስ (false፣ ሐሰት) ይመልሳል። ሳታረጋግጡ የባለቤቱን ስም ለማሳየት ከሄዳችሁ የስህተት መልእክቱ ደንበኛው ፊት ሊወጣ ይችላል። መጀመሪያ በኢፍ ፈትሹ። ከሌለ «4172 የሚባል ደረሰኝ አልተገኘም፣ ቁጥሩን ደግመው ይዩት» በሉት።

ቁጥሩ የሚደጋገም ከሆነ ሊሚት 1 (LIMIT 1፣ አንድ ረድፍ ብቻ) ከኦርደር ባይ (ORDER BY፣ ረድፎቹን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጠው) ጋር ጨምሩ። ያለዚያ የትኛው እንደሚመጣ አይታወቅም።